እናቴን ያሰርኩበት እሑድ

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሠርግ ላይ አውርቼዋለሁ፣ ልደት ላይ አውርቼዋለሁ። ባለቤቴን መጀመሪያ ቤት ያመጣሁት ቀን አባቴ ራሱ «ስሚልያ፣ እስቲ ያቺን የገመዷን ነገር አውሪለት» ብሎ አስወርቶኛል። «እናቴ ጥላን ወደ ጀርመን ልትጠፋ ስትል በገመድ አስሬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ» እላለሁ። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እናቴም አብራ ትስቃለች። እንዲህ ሆኜ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የቤታችን ጀግና እኔ ነበርኩ።

ስምንት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ዳኑብ ዳር ባለች መንደር፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። አባቴ ሚሉቲን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነው። በቤቱ ውስጥ እሱ፣ እናቴ ራዶይካ፣ የአባቴ እናት ኮሳራ፣ እኔና የአምስት ዓመቱ ወንድሜ ኦግኔን አለን። ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ አንድ ገዳም ይታያል። ለእኔ ገዳም ማለት ያ ነጭ ግድግዳ ነው፤ ሰው ወደዚያ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ታኅሣሥ ሲገባ እኛ ቤት ሰላም የለም። መጀመሪያ የቤታችን ጠባቂ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ሰው ሳይጠራ ይመጣል፣ የመጣም ሳይበላ አይሄድም። ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ የእናቶች እሑድ ነው። ከዚያ መንግሥት የሚወደው አዲስ ዓመት ይከተላል፣ ከነጥዱ፣ ከነስጦታው። ከሱ ወገባችንን ሳናቀና ገና። ይህ ሁሉ ደግሞ በጾም ላይ ነው። አያቴ የገናን ጾም አጥብቃ ትጾማለች፤ ከወረዳ የሚመጡት የአባቴ የኮሚኒስት ፓርቲ ጓደኞች ግን ስለ ጾም ሲነሣ ሳቃቸው ይመጣል። ስለዚህ እናቴ ለአያቴ ወገን ባቄላና ዓሣ፣ ለአባቴ ወገን የአሳማ ጥብስ እያለች ሁለት ማዕድ ትሠራለች።

«ይህቺ ማንኪያ ከየት ወጣች?» ትላለች አያቴ፣ ማንኪያዋን እያሸተተች።

«ከባቄላው ነው፣ እማማ።»

«ከባቄላው ከሆነ አሳማ አሳማ የሚለኝ አፍንጫዬ ነዋ።»

እናቴ ማንኪያዋን አጥባና አድርቃ ወደ ሌላው ድስት ትዞራለች። ከሳሎን «ራዶይካ፣ ብርጭቆ አነሰ!» ይላታል አባቴ፣ ከጓሮ ኦግኔን ይጠራታል፣ እኔ ደግሞ የጠፋ ካልሲዬን እጠይቃታለሁ። በዓሉ ሁሉ በሷ ላይ ነበር የሚሄደው። በዚያ ሁሉ በዓል ውስጥ ግን ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ከቤታችን ትዝ አይለኝም። ዳቦው ይቆረሳል፣ ሻማው ይበራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ያኔ በዓል ማለት ይኸው መስሎኝ ነበር። የዳይሬክተር ሚስት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ከታየች ሰኞ ጠዋት አባቴ ቢሮ ስልክ እንደሚደወል የሚነግረኝ አልነበረም።

ያን ዓመት የፈራሁት ጀርመንን ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው የስታና እናት አምና በመከር አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛ፣ በማለዳው ማሻገሪያ ጀልባ ተሻግራ፣ ለፋብሪካ ሥራ ጀርመን ሄደች። ለገና እመጣለሁ ብላ አልመጣችም፤ ቸኮላት ግን ትልካለች። ስታና ቸኮላቱን እያካፈለች ታበላናለች፣ እሷ ግን አትበላውም። 

ከእናቶች እሑድ በፊት ባለው ሐሙስ፣ እንጨት ላመጣ ማገዶ ቤት ገባሁ። ከእንጨቱ ጀርባ አንዲት ቦርሳ አገኘሁ። ስከፍታት የእናቴ የክት ጫማ፣ ተወልውሎ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አለ። ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አልገባኝም። ቦርሳውን እንደነበረ መለስኩት።

ዓርብ ዕለት እናቴ ምንም አልበላችም።

«ምነው አንቺ፣ ታመምሽ እንዴ?» አለቻት አያቴ።

«አይ፣ ስቀማምስ ጠግቤ ነው።»

ውሸቷን ነበር፤ ስትቀምስ አላየኋትም። ቅዳሜ ሳይነጋ ሽንት ይዞኝ ስነሣ ደግሞ ወጥ ቤት መብራት አለ። በበሩ ስንጥቅ አየኋት። እናቴ አንዲት ትንሽ ክብ ዳቦ ከምድጃው አውጥታ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችና ከታጠበው ልብስ ሥር ሸሸገቻት። ዳቦዋ ላይ እንደ አባቴ ቢሮ ማኅተም ያለ ነገር ታትሞባታል። አባቴ ያን ማኅተም የሚመታው ከትምህርት ቤቱ ለቀው ለሚሄዱ ልጆች ወረቀት ላይ ነው። የመንገድ ስንቅ ናት ብዬ ደመደምኩ፤ ማኅተም ያላት የጀርመን ስንቅ።

ያን ማታ የእውነት የፈራሁት በሌላ ነገር ነው። ልታስተኛን ስትመጣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና፣ «ስሚልያ፣ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ይቅር በዪኝ፣ ልጄ» አለችኝ። እንቅልፍ የወሰደውን ኦግኔንን ሳይቀር ግንባሩን ስማ ይቅር በለኝ አለችው። ቀጥላ ወጥ ቤት ሄደች፤ ድምፅዋ ይሰማኛል።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አያቴ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለቻት። ወዲያው ደግሞ፣ «ድንቹ ገና አልተላጠም» አለች።

ዛሬ ማንም ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ሴትዮዋ ነገ ልትቆርብ ነው ብሎ በሰከንድ ይገባዋል። እኔ ግን መቁረብ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው የሚሄድ ሰው እንደሚሰናበት ነው።

እግዜር ይስጠው፣ ነገ የእናቶች እሑድ ነው። በእኛ ዘንድ በዚያ ቀን ልጆች እናታቸውን በጠዋት ያስራሉ። «ለምን ታስሩኛላችሁ?» ትላለች፣ ማስፈቻ ይጠይቋታል፣ ዋልነት የሚባለውን ለውዝ ወይም ፕለም የሚባለውን ደረቅ ፍሬ ትሰጣቸዋለች፣ ይፈቷታል፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የሚታሰረው በሻርፕ ወይም በክር ነው፤ ለጨዋታ ነው። እኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀድሜ ማሻገሪያውን ከሚነዳው ከግሊሻ ገመድ ለምኜ ነበር።

«ለእናትሽ ነው ይሄ ሁሉ?» አለኝ ግሊሻ። «ጀልባ የሚያቆም ገመድ እኮ ነው።»

«እናቴ ጠንካራ ናት።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» ብሎ ሳቀና የጀልባ ቋጠሮ አሳየኝ፤ ሲጎትቱት የሚጠብቅ። እንዲያውም ሲረጥብ እንደሚብስበት ነገረኝ። ስለዚህ ሌሊቱን ገመዱን ባልዲ ውስጥ ነክሬ አሳደርኩት። ክፉ ልጅ አልነበርኩም። ፈርቼ ነው።

እሑድ ጠዋት ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። እናቴ ወጥ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ የክት ጫማዋን እያሰረች ነው። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ጸጉሯን በሻርፕ ሸፍናለች፤ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ነው። አስራ ጨርሳ በመስኮቱ ወደ ወንዙ ስታይ፣ ሳታየኝ ተንበርክኬ ገመዱን በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቿና በወንበሩ እግር ዙሪያ አዞርኩና ቋጠሮውን ሳብኩት።

ደነገጠች። ወዲያው ቀኑ ትዝ አላትና ፈገግ አለች።

«ለምን ታስሪኛለሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ፣ እንደ ወጉ።

«ማስፈቻ» አልኩ እኔም በሹክሹክታ።

ከቦርሳዋ እፍኝ ዋልነት አወጣች፤ አዘጋጅታልን ኖሯል። «ለአንቺና ለወንድምሽ። በይ ፍቺኝ፣ የኔ እመቤት፤ እቸኩላለሁ።»

«አልፈልግም።»

«ደረቅ ፕለምም ጓዳ አለልሽ።»

«ፕለምም አልፈልግም።»

የመኝታ ቤቱን በር ዞር ብላ አየችው። አባቴ እዚያ ተኝቷል። ያን አስተያየቷን አባቴን ጥላ ልትጠፋ ስለሆነ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ሞከረችው፤ ጣቶቿ ተንሸራተቱ፣ ገመዱ ባሰበት። ቢላዋው ከማዶ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከነወንበሩ ብትጎተት ወለሉ ጮሆ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

«ስሚልያ፣ የሚያልፈኝ ነገር አለ። በኋላ የፈለግሽውን አደርግልሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ዳቦዋን አይቻለሁ፤ ጫማሽንም ማገዶ ቤት አይቼዋለሁ።»

ፊቷ ነጭ ሆነ። «ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለአባትሽ? በትምህርት ቤት ለሰው?»

«ለማንም አልኩሽ እኮ።» በዚህ ጊዜ እንባዬ መጣ። «እንደ ስታና እናት ልትሄጂ ነው። እኔ ቸኮላት አልፈልግም።»

እናቴ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ዛሬ ያን አፍ ዐውቀዋለሁ። እውነቱን ብትነግረኝ ሰኞ ትምህርት ቤት ይዤው እሄዳለሁ፤ ካልነገረችኝ አልፈታትም። በዚያች ደቂቃ ከሁለቱ መምረጥ ነበረባት። ለስምንት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ምስጢር ማሸከም አልሆነላትም መሰለኝ። ወዲያው ከወንዙ በኩል ጀልባዋ ጡሩምባዋን ነፋች፣ ሞተሯ ተነሣ፣ ድምፁም ቀስ እያለ ወደ ማዶ ራቀ። እናቴ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠችው።

አልመታችኝም። አልተቆጣችኝም። እሱን አጥብቄ ጠብቄ ነበር፤ ትከሻዬን ሰብስቤ ቆሜአለሁ። እሷ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከቆይታ በኋላ ከቦርሳዋ አንዲት ወረቀት አወጣችና ሰጠችኝ።

«ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ» አለችኝ።

ስም ብቻ ነው። ሚሉቲን። ኮሳራ። ስሚልያ። ኦግኔን። ቀጥሎ የማላውቃቸው፣ የሞቱ ዘመዶቿ ስሞች አሉ። በያንዳንዱ ስም ዓይኗን ጨፍና ታማትባለች። ጥላቸው የምትሄድ ሰዎች ዝርዝር ነው ብዬ እያሰብኩ አነበብኩላት።

«ያንቺ ስም የለም» አልኳት።

«ውይ» አለች እናቴ። «ረስቼው ነው።»

አያቴ ያኔ ገባች። እናቴን ከነክት ልብሷ፣ ገመዱን፣ እኔን፣ ከቦርሳው ብቅ ያለችውን በጨርቅ የተጠቀለለች ዳቦ ተራ በተራ አየች። የሚመጣውን ጩኸት ጠበቅሁ። እሷ ግን ዳቦዋንና ወረቀቱን አንሥታ ጉያዋ ውስጥ ከተተች። ቢላዋውን ከጠረጴዛው አንሥታ ገመዱን ልትቆርጥ ስትል አባቴ እያዛጋ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ።

«አሃ፣ ተያዝሻ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀሚሷን አየ። «ምነው በማለዳ እንዲህ ለበስሽ?»

«ለእንግዶቹ ነዋ» አለችው አያቴ ቀድማ። «ሚስትህ እንደ ሰው ለብሳ ብትታይ ምን አለበት? አንተ ይልቅ ሂድና እንጨት አምጣ።»

በዚያ ቀን ምሳ ላይ ሃያ ስድስት ሰው ነበር። እናቴ ሁለቱን ማዕድ አቀረበች፣ አንዱንም ማንኪያ ሳታሳስት። እግሯ ላይ የገመዱ ምልክት ካልሲዋን አልፎ ይታያል። አባቴ ታሪኩን ለወረዳ ሰዎች አወራላቸው፤ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። አንዱ እንግዳ ጠርቶ ሳመኝ። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ አልሄደችም።

ከዚያ በኋላ እናቴ አንድ ልማድ አመጣች። ቤቱ የቱንም ያህል በሰው ቢሞላ፣ ድስቱ ቢገነፍል፣ አባቴ ብርጭቆ ብሎ ቢጣራ፣ በቀን አንድ ጊዜ ያን ወንበር ወደ መስኮቱ ትስብና እግሮቿን ገጥማ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወንዙን እያየች ሩብ ሰዓት ያህል ትቀመጣለች። ሰው ሲያነጋግራት አትሰማም። እንግዶች ሲገረሙ አያቴ «ተዉአት፣ እግሯን ያማታል» ትላቸዋለች። እኔ ይህን ስሰማ እሞታለሁ። በገመዱ እግሯን ያበላሸሁባት እኔ ነኝ። ነጠላ ጫማ አመጣላታለሁ፣ ትራስ አደርግላታለሁ፤ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ኖቪ ሳድ ከተማ ገብቼ ሥራ ስይዝም የእግር ቅባት እየገዛሁ እልክላት ነበር። ታሪኩን ሳወራ ይህቺን ክፍል አላወራትም።

ዘመኑ ተለወጠ። ፓርቲው ፈረሰ፣ አገሩም አብሮት ፈረሰ፤ አባቴ ጡረታ ወጣ፣ አያቴ ዐረፈች። በአንድ የገና ዋዜማ ልጆቼን ይዤ መንደር ስገባ እናቴ፣ «ነገ ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ፣ ዳቦ ልግዛ እንደሚል ሰው። አባቴ ጋዜጣውን ገለጠና፣ «ምሳውስ?» አለ። «ምሳው ይቆይሃል» አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት በበረዶው ውስጥ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ሄድን።

«እማዬ፣ እግርሽ ይችላል? ቅዳሴው ረጅም ነው እኮ» አልኳት።

«የምን እግር?»

«የሚያምሽ። ያኔ በገመዱ...»

ቆመች። «እግሬን አሞኝ አያውቅም፣ ልጄ።»

«አያቴ ናት እኮ...»

«አያትሽ ውሸቷን ነው። እሷ ባትዋሽልኝ ማን ያስቀምጠኝ ነበር?» ብላ መሄድ ጀመረች። «እዚያ እጸልይ ነበር። ጀልባዋ ወንዙን ተሻግራ እስክትመለስ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል፤ እስክትመለስ እጸልያለሁ። አንቺ ያሰርሽኝ ቦታ ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረኝም።»

ከዚያ እየሄድን ሁሉንም ነገረችኝ። ማዶ ገዳሙ ውስጥ ማንም የማያውቃት ስለሆነ በዓመት አንድ እሑድ፣ ለመቁረብ፣ ተደብቃ እንደምትሄድ፤ ያን ዓመት ያን እሑድ ስትጠብቅ እንደከረመች፤ ማኅተሙ መስቀል እንደነበር፤ ዳቦዋም ለቅዳሴ የጋገረቻት ኅብስት እንደነበረች። አያቴ ኅብስቷንና ካህኑ እንዲጸልይላቸው የጻፈቻቸውን ስሞች ወረቀት በዚያው ጠዋት በግሊሻ እጅ ገዳም አድርሳላታለች፤ ይህንንም ለእናቴ የነገረቻት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ልትሞት ስትል ነው።

«በሚቀጥለው ዓመትስ አልሄድሽም?» አልኳት።

«አልሄድኩም። አንቺ ካየሽኝ ሌላም ሰው ያየኛል ብዬ ፈራሁ። የአባትሽ እንጀራ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዛሬ።»

በልቤ ቆጠርኩት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት። በረዶው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት ደግሞ በሰው ሠርግ ላይ አስቄበታለሁ። ማልቀስ ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ» አልኳት።

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለች። ልታጽናናኝ ብላ አልካደችም። «ያን ቀን እንግዶቹ ሲሄዱ ጓዳ ገብቼ አምርሬ አልቅሻለሁ።»

«ታዲያ ሳወራው ለምን ትስቂ ነበር?»

እናቴ መሐረቧን አውጥታ ፊቴን ጠረገችልኝ፣ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ።

«በዚያ ሰሞን ቤቱ ሙሉ ሰው ነው» አለችኝ። «ሁሉም ራዶይካ ጨው፣ ራዶይካ ወንበር ይላል። ራዶይካ ራሷ ብትጠፋ ግን ልብ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እኔም እኮ ስሜን ረስቼው ነበር። ያን ጠዋት ጫማዬን ሳስር፣ ጌታዬ አንተስ ታየኛለህ ወይ እያልኩ ነበር። ቀና ስል አንቺ ገመድ ይዘሽ መጣሽ። አለቀስኩ እንጂ መልሱ አልጠፋኝም፤ እንዳልጠፋባት የምታስረኝ አለች።»

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። እናቴ ማንንም ሳታይ ወደ ፊት አለፈች፤ እኔም ተከተልኳት። ለመቁረብ የተሰለፉት ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ እያሉ ይጠጋሉ። እኔ ስላልተዘጋጀሁ ሳልሰለፍ ከጎኗ ሄድኩ። ከፊቷ ሦስት ሰው ቀረ፣ ሁለት ሰው ቀረ። ካህኑ ጽዋውን ይዞ ይጠብቃል። እናቴ ወደ እኔ ዘወር አለችና ፈገግ ብላ፣ ያኔ ወጥ ቤት እንዳንሾካሾክነው በሹክሹክታ፣ «ልቀቂኝ እንጂ» አለችኝ።

ለካ ሳላውቀው የኮቷን እጅጌ ጨምድጄ ይዤዋለሁ። ለቀቅኳት። ሄደች።